የንጃይን ቤት እንዴት እንደገዛሁት

ደላላ አንድን ቤት መግደል ከፈለገ መዋሸት አያስፈልገውም። "ብቻ" የምትለው ቃል ትበቃዋለች። "ቤቱ በጣም ጥሩ ነው፤ ብቻ ክረምት ላይ..." ብሎ ዝም ማለት ነው። የቀረውን ደንበኛው ራሱ ይጨርሰዋል። ጎርፉንም፣ ሻጋታውንም፣ የልጁን ሳልም እሱ ራሱ ያመጣዋል። ይህችን ቃል በሌሎች ደላሎች አፍ ስሰማ እናደድ ነበር። እኔ ንጎኔ ጆፕ ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ቤት አሳምሬ በማሳየት እንጂ በመግደል አልታወቅም። አንድ ቤት ብቻ ነው የገደልኩት። እሱንም የገደልኩት ስለወደድኩት ነው።

ቤቱ በከተማችን በንዳር፣ ወንዙ መሐል ባለው ደሴት ላይ፣ በሰሜኑ ጫፍ፣ ከወንዙ ሁለት ቤት ገባ ብሎ ነው ያለው። አንድ ፎቅ፣ ጠባብ የእንጨት ደረጃ፣ ከታች ሦስት ክፍል፣ ከላይ ሁለት፣ ወደ መንገዱ የወጣ የእንጨት ሰገነት። ኖራው ተልጧል። እንዲህ ያለ ቤት ደሴቱ ላይ ሞልቷል፤ ከዚህ የተሻለም አሳይቻለሁ፣ አከራይቻለሁ፣ ኮሚሽኔን ተቀብዬ ረስቼዋለሁ። ይሄኛውን ያልረሳሁት በቅርጫቱ ምክንያት ነው።

ልጅ ሳለሁ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ሰፈር ከጌት ንዳር ድልድዩን እየተሻገርኩ ደሴቱ ላይ በረዶ እሸጥ ነበር። "በረዶ! በረዶ!" እያልኩ በሰገነቶቹ ሥር ስሄድ የቤቱ እመቤት ከላይ ቅርጫት በገመድ ታወርዳለች። ቅርጫቱ ውስጥ ሳንቲም አለ። ሳንቲሙን አነሳለሁ፣ በረዶውን አስቀምጣለሁ፣ ቅርጫቱ ይወጣል። ፊታቸውን አይቼ አላውቅም፤ ፀሐዩ ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ቀና ስል የሚታየኝ እጅ ብቻ ነበር። አምባር ያለው እጅ፣ ሂና የተቀባ እጅ፣ የማይቸኩል እጅ። እኛ ቤት በአንድ ክፍል ስምንት ሆነን ነው የምናድረው፤ እናቴ ከነጋ እስኪመሽ ዓሣ ስታደርቅ እጇ በጨው ተሰነጣጥቆ ነበር። እኔ ደግሞ ማታ ስተኛ የማስበው ሀብት አልነበረም፣ ወርቅም አልነበረም። ከላይ ያለችዋ እጅ መሆን ነበር። አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ደረቴን ያምመኝ ነበር።

አባባ መዱን ንጃይ ቁልፉን ይዘው የመጡት እኛ ደላሎች ከምንቀመጥበት ከትልቁ ብረት ድልድይ አጠገብ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በወንዙ ላይ የጭነት ጀልባ ሲመሩ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉልበታቸው የከዳቸው ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ልጃቸው አራም "ብቻዎን ወድቀው ይሞታሉ" ብላ ድልድይ ማዶ፣ ሶር፣ ባሏ ቤት ወስዳቸው ነበር።

"ስምሽ ማነው?" አሉኝ።

"ንጎኔ ጆፕ።"

ቁልፉን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። "አላህ ይጠብቀኝ። ቤቴን ለጆፕ? ሳይከራይ በሩን ነቅላችሁ ትበሉታላችሁ።"

"በሩንስ ለእርስዎ ትተንልዎታል፤ ሩዝ ያለቀ ቀን ይቆረጥሙታል።"

"ሎሌዬ ሆነሽ ምላስሽ እንዲህ መርዘሙ።"

"ሎሌው ማን እንደሆነ አያቶቻችን ያውቁታል። የእርስዎ አያት የእኔን አያት ጫማ እንደተሸከሙ አይደል የሞቱት?"

አጠገባችን የነበሩት ደላሎች ሳቁ፤ ሽማግሌውም ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁና ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡት። እኛ ዘንድ ንጃይና ጆፕ ሲገናኙ ስድብ ሰላምታ ነው። ከጥንት ጀምሮ የመጣ ነው፤ አንዱ የሌላው ጌታ ነኝ ይላል፣ አንዱ ሌላውን ሆዳም ይላል፣ መቆጣት ነውር ነው። ንጃይ ሲሞት ጆፕ ለቅሶ ቤት ገብቶ "ሩዝ ስላለቀበት ነው የሞተው" ይላል፤ ሐዘንተኞቹም እንባቸውን እየጠረጉ ይስቃሉ። በሁለቱ መካከል የተባለ ነገር ሁሉ በሳቅ ያልፋል። ይህ ነገር ስንት ጠብ አብርዷል። እኔን ግን እንዴት አድርጎ እንደቀጣኝ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

"በወር መቶ ሃምሳ ሺህ ፍራንክ አውጪበት" አሉኝ ሲሄዱ። "ሽማግሌ ሰው በአማቹ ቤት ስኳር ሲለምን ደስ አይልም።"

ይህን በግልጽ ነግረውኛል። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

በማግሥቱ ቤቱን ብቻዬን ሄጄ ከፈትኩት። ደላላ ከማሳየቱ በፊት ቤቱን ማየት አለበት፤ የቱ መስኮት አስቀድሞ እንደሚከፈት፣ የቱ ክፍል መጨረሻ ላይ እንደሚታይ መወሰን አለበት። ከታች ያሉትን አየሁ። ደረጃውን ወጣሁ። የሰገነቱን በር ስገፋው በሩ ጎን ምስማር ላይ ቅርጫት ተንጠልጥሎ አገኘሁ፤ ገመዱ በሥነ ሥርዓት ተጠቅልሎ አጠገቡ ተሰቅሏል። እጀታው ላይ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል፣ እጅ እንዳይልጥ። ያኔ በረዶ ያስቀመጥኩበት ይሁን ሌላ አላውቅም። ደሴቱ ላይ ያሉ ሰገነቶች ሁሉ ቅርጫት ነበራቸው። ገመዱን ፈታሁና ባዶውን ቅርጫት ወደ መንገዱ አወረድኩት። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። መሬት ሲነካ በገመዱ በኩል እጄ ላይ ተሰማኝ፤ አለቀስኩ። አርባ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ባሌ ከሞተ አራት ዓመት፤ ልጅ የለኝም፤ ሶር ውስጥ ከእናቴ ጋር በአንድ የኪራይ ክፍል እኖር ነበር። የሌላ ሰው ቤት ቆሜ "ይሄ ቤት የእኔ ነው" አልኩ። ለማን እንዳልኩት አላውቅም።

የመጀመሪያው ደንበኛ የጉምሩክ ሹም ነበር። ሰገነቱን ሲያይ ዓይኑ በራ። አፌን ስከፍት "ቤቱ በጣም ጥሩ ነው፤ ብቻ ክረምት ላይ..." አልኩ። ከራሴ አፍ ስሰማው ደነገጥኩ። ሰውዬው "ውሃ ይገባል?" አለ። ትከሻዬን ነቀነቅኩ። እሱም ግድግዳውን በጣቱ እየነካካ ወረደና በዚያው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ለመድኩት። ዓሣ የሚያጨሱበት ጢስ በነፋስ በሚመጣበት ሰዓት ማሳየት ጀመርኩ። ኩሽናውን አስቀድሜ እከፍታለሁ። ደንበኞቼን ቆሻሻ በሚጣልበት በኩል አዙሬ አመጣለሁ። አንድም ውሸት አልተናገርኩም፤ በዚህም ራሴን አጽናናለሁ። አንድ ጊዜ ግን ከቲየስ የመጣች አስተማሪ ጢሱንም፣ ኩሽናውንም፣ ክረምቱንም ሰምታ "ግድ የለም፣ ወድጄዋለሁ" አለች። ሰገነቱ ላይ ወጥታ ቅርጫቱን በእጇ ነካችው።

"እህቴ" አልኳት "እንደ ታላቅሽ ልንገርሽ። ማታ ማታ ደረጃው ላይ የሴት ኮቴ ይሰማል ይላሉ።"

እጇን ከቅርጫቱ ላይ አነሳች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ያቺ ቃል በእኔ አልቆመችም። በሳምንቱ የዳቦ ሻጩ ነገረኝ፣ ለራሴ፣ ሚስጥር እንዳካፈለኝ ሆኖ። "ያ የንጃይ ቤት" አለ "ሴትዮ ትመላለስበታለች አሉ።" "አትለኝም" አልኩት።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ሁለት እቁብ ገባሁ። አዲስ ቀሚስ የምገዛው ለዒድ ብቻ ሆነ። በሰርግ ቤት የምሰጠው እያነሰ ሄዶ ዘመድ ያማኝ ጀመር። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ንጋሌል በኩል ገና ጫካ ሳለ ከአንድ ሻጭ በርካሽ የያዝኳት ባዶ መሬት ነበረችኝ፤ ዋጋዋ ከፍ እስኪል እንደ እንቁላል ታቅፌ ጠበቅኋት። ደላላ ቤት ሲገዛ ሰው ሁሉ "መቼም ይህቺ የምታውቀው ነገር አለ" ይላል። አዎ፣ አውቃለሁ። ስንት ደንበኛ እንዳባረርኩ አውቅ ነበር።

በየጁምዓው ከሶላት በኋላ አባባ መዱን በምርኩዝ ድልድዩን ተሻግረው ይመጣሉ።

"እሺ ጆፕ፣ ማንም አልመጣም?"

"የንጃይ ሽታ ያለበትን ቤት ማን ይከራያል አባባ? ግድግዳው ራሱ ሩዝ ሩዝ ይላል።"

ይስቃሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። "እስቲ ወደ መቶ ሺህ አውርጂው" ይላሉ። በሌላ ዓመት "ሰማንያም ቢሆን" ይላሉ። አንድ ቀን ደግሞ "ምናልባት ደረጃውን ባሳድሰው እኔው ራሴ እመለስ ነበር፤ ግን በምን?" አሉና ወደ ወንዙ አዩ። ያን ቀን ምሳዬን መብላት አቃተኝ። በማግሥቱ ግን እቁቤን ጣልኩ።

በስድስተኛው ዓመት አንድ ወረቀት ላስፈርማቸው ልጃቸው ቤት ሄድኩ። የምሳ ሰዓት ነበር። አማቻቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ አክብሮ ነው የያዛቸው። እሳቸው ግን በትልቁ ሳህን ዙሪያ ከሁሉም ራቅ ብለው ተቀምጠው፣ ከፊታቸው ካለው ሩዝ ትንሽ ቆንጥረው "ጠገብኩ፣ አልሐምዱሊላህ" ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ዓሣውን አልነኩትም። በሩዝ የምሰድባቸው ሰው በአማቻቸው ቤት አፍረው ጾማቸውን እንደሚውሉ ያን ቀን አየሁ። ከግቢው ስወጣ ለራሴ "ነገ ቤቱን አከራየዋለሁ" አልኩ። የእውነቴን ነበር። በማግሥቱ አንድ ነጋዴ ይዤ ሄድኩ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ደረጃውን ወጣን፣ ቅርጫቱን አየሁት። "ቤቱ በጣም ጥሩ ነው" አልኩ። "ብቻ..."

በዘጠነኛው ዓመት መሬቷን ሸጬ፣ የእቁቡን ብር ጨምሬ ገዛሁት። አሥራ አንድ ሚሊዮን ፍራንክ። ያለ እኔ አፍ ቢሆን ኖሮ የዚያን እጥፍ ያወጣ ነበር። ውል አዋዋዩ ዘንድ ሄደን ተፈራረምን።

"ለማያውቁት ሰው ከሚሆን ለሎሌዬ ይሁን" አሉ። "ጌታ ሲሸመግል ቤቱን የሚጠርገው ሎሌ ነው።"

"ጠርጌ የማወጣው የሩዝ ፍርፋሪ ብቻ አንድ ጋሪ ይሆናል" አልኩ።

"አንድ ነገር ብቻ" አሉ። "ጁምዓ ጁምዓ መጥቼ ሰገነቱ ላይ ልቀመጥ።"

እሺ አልኩ። እንዴት እምቢ ይባላል?

እናቴን ይዤ ገባሁ። ሐሳቤ የታቹን ሦስት ክፍል አከራይቼ ፎቁ ላይ መኖር ነበር። ማን ይግባ? ለማከራየት በተራዬ "ቤቱ በጣም ጥሩ ነው" ስል ደንበኛው ራሱ "ብቻ ሴትዮዋ..." ይለኛል። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ነው። ንዳር ውስጥ የሁሉን ቤት ሳከራይ የራሴን ማከራየት አቃተኝ፤ ደላሎቹ ጓደኞቼ እስኪያነቡ ሳቁብኝ። እናቴም ሽንት ቤት ለመሄድ ስትወርድ መብራት አስይዛኝ ነው። እኔ ራሴ አንዳንዴ ደረጃው ሲንቋቋ ጆሮዬን አቆማለሁ። ፈጥሬያት ሳለ ፈራኋት።

አባባ መዱን በመጀመሪያው ጁምዓ መጡ። ደረጃው ሥር ቆመው ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጡኝና ግድግዳውን ይዘው አንድ ባንድ ወጡ። መሐል ላይ ቆም ብለው የሆነ ነገር አጉረመረሙ፤ ዱዓ መስሎኝ ነበር። ሰገነቱ ላይ ሩዝ በዓሣ አቀረብኩላቸው። ዓሣውን ከነ አናቱ በሉት፤ ሳህኑን በጣታቸው ጠረጉት። ከዚያ ሻዩን ሦስት ጊዜ ቀዳሁላቸው፣ የመጀመሪያው መራራ፣ የመጨረሻው ጣፋጭ። ቤታቸው ነበሩ። ከዚህ የበለጠ ደስ ያለኝ ቀን የለም፤ ከዚህ የበለጠ ያፈርኩበትም የለም።

በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ጁምዓ ከሦስተኛው ሻይ በኋላ "ትሰሚያታለሽ?" አሉኝ።

"ማንን?"

"ጄናባን።"

የሚስታቸው ስም ነው።

"ሰው ሁሉ ያወራል፤ ለእኔ እንዳይነግሩኝ ይጠነቀቃሉ እንጂ ሰምቻለሁ" አሉ። "ጄናባ ስትታመም እኔ ጀልባ ይዤ ወንዙን ሽቅብ ፖዶር ነበርኩ። ቶሎ ና ብላ ላከችብኝ። ጭነት ነበረኝ፤ ሁለት ቀን ቆየሁ። ስመጣ ለቀብር አጥበዋት አገኘኋት። እና ዘጠኝ ዓመት ቤቴ ባዶውን ሲቀር ገባኝ። ደረጃው ላይ ቆማ የምትጠብቀው እኔን ነው። ሌላ ሰው አላስገባም ያለችው ተቆጥታብኝ ነው። በወጣሁ ቁጥር ይቅር በይኝ እላታለሁ።"

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የከበደችኝ የለችም። የሰውዬውን ቤት ወስጄ አልበቃኝም፤ የሞተች ሚስታቸውን ቀስቅሼ አስቀይሜባቸዋለሁ። የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

"አባባ፣ ጄናባ አይደለችም" አልኩ። "እኔ ነኝ። ቤቱን እኔ ነኝ የገደልኩት። የመጣውን ደንበኛ ሁሉ አባረርኩ። ውሃ ይገባል አልኩ፣ ጢስ ያፍናል አልኩ። የኮቴውን ወሬ ከራሴ ፈጥሬ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ለራሴ ስለፈለግኩት። ዘጠኝ ዓመት በአማችዎ ቤት ያስቀመጥኩዎ እኔ ነኝ።"

አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ተነሳሁ። እየሳቁ ነበር። በሳቅ ምርኩዛቸው ወደቀ፣ እንባቸው ወረደ፣ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ።

"ወይ ጆፕ! ንጃይ ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲህ ተሰድቦ አያውቅም። ዘጠኝ ዓመት!"

"አባባ፣ አልቀለድኩም። ወላሂ።"

"ጆፕ ወላሂ ሲል ንጃይ ኪሱን ይይዛል" አሉና እንደገና ኪሳቸውን ይዘው ሳቁ።

በቀጣዩ ጁምዓ መስጊዱ በር ላይ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሰምተዋል። "ቤት በምላስ የገዛሽው አንቺ ነሽ?" ይሉኛል። እኔም ለእነሱ "አዎ፣ እውነት ነው" እላለሁ፤ እነሱ ይበልጥ ይስቃሉ። እንደገና ለአባባ መዱን ቁርዓን ይዤ ልማል አልኩ፤ "ቁርዓኑን አስቀምጪው፣ እሱ ምን በደለሽ" አሉኝ። ልጃቸው አራም ዘንድ ሄድኩ። አራምም የአባቷ ልጅ ናት፣ ንጃይ ናት። እጄን ይዛ፣ "አባዬ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ አላህ ይስጥሽ" አለችኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ድልድዩ ላይ ቆሜ ወንዙን አየሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያለው ሰው ጆፕ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ። የሆነ ሰው እንዲቆጣኝ ናፈቅኩ። እንደ ልጅነቴ ሰገነት፣ እንደዚያ ናፈቅኩት።

አንድ ጁምዓ ምርኩዛቸውን ይዤ ከኋላ ስከተል፣ ደረጃው መሐል እንደ ልማዳቸው ቆሙ። በዚህ ጊዜ ጆሮዬ ያዘው።

"ጄናባ" አሉ ወደ ግድግዳው "ይህቺ ጆፕ እኔን ለማሳረፍ ብላ ጥፋቱን ሁሉ በራሷ ላይ አደረገችው። እንዲህ ያለች ሰው ናት። በእሷ አትቆጪ፤ የተቆጣሽውን በእኔ ተቆጪ።"

ኩሽና ገብቼ ሽንኩርት ያዝኩ፣ እናቴ ፊት ለእንባዬ ሰበብ እንዳላጣለት።

በዚያው ሳምንት የታቹን ክፍል ኖራ አስቀባሁ፣ አልጋ አስገባሁ፣ "ይግቡ፣ ይኑሩበት፣ ኪራይ የለም" አልኳቸው። ቁልፉን ዘረጋሁላቸው። አልያዙትም። "ንጃይ በጆፕ ቤት ቢያድር ጎተራሽን ባንድ ወር ይጨርሰዋል" አሉ። ቀጥለው ግን ዝቅ ባለ ድምፅ "የሸጠ ሰው ተመልሶ አይገባም ልጄ" አሉኝ። ልጄ ያሉኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በክረምቱ ማብቂያ ጉልበታቸው ጭራሽ እምቢ አለ። ደረጃውን መውጣት ቀረ። ከዚያ ጀምሮ የአራም ባል በመኪና ያመጣቸውና ከሰገነቱ ሥር፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ያስቀምጣቸዋል። ሳህኑን ይዤ ልወርድ ስል ከታች ጮክ ብለው ከለከሉኝ።

"እዚያው ሁኚ። በቅርጫት አውርጂልኝ። ጄናባ እንደዚያ ነበር የምታደርገው፤ ጀልባው ሊነሳ ሲል ምሳዬን ከዚያ ታወርድልኝ ነበር።"

ቅርጫቱን ከምስማሩ አነሳሁ። ሳህኑን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ አስቀመጥኩና ገመዱን ቀስ እያልኩ ለቀቅኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐዩ ከጣሪያው በላይ ቆሟል። እሳቸው ቀና ብለው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ።

"ጆፕ፣ ከእጅሽ በቀር ምንም አይታየኝም" አሉ።

ያ ሁሉ ዓመት የተመኘሁት ይሄ ነበር፤ ከላይ ሆና የማትቸኩል እጅ። ሥሯ ደግሞ የቤቱ ጌታ ቀና ብለው ምሳ ይጠብቃሉ።

ቅርጫቱ ጭናቸው ላይ አረፈ። ሳህኑን አላነሱም።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እባክሽ አትቀልጂብኝ" አሉ። "አንቺ እዚያ ነሽ፣ ሌሊቱንም ታድሪያለሽ። እኔ ከእንግዲህ ወጥቼ ልለምናት አልችልም። ጄናባ አሁንም ተቆጥታለች?"

ገመዱን እንደያዝኩ ቆምኩ። እውነቱን ስንት ጊዜ ነገርኳቸው፤ ስንት ጊዜ ሳቁበት።

"አልተቆጣችም አባባ" አልኩ። "ሄዳለች። ኮቴዋን ከሰማሁ ወር አልፎኛል። ስትሄድም ይቅር ብያለሁ ብላ ነው።"

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቁም። አንገታቸውን ደፉ፣ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን አበሱ፣ ከንፈራቸው "አልሐምዱሊላህ" ሲል አየሁ። ከጆፕ አፍ የወጣ ነገር ሲያምኑ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ጨርቁን ገልጠው በሉ። ዓሣውን ከነ አናቱ በሉት። ሲጨርሱ ሳህኑን ቅርጫቱ ውስጥ መልሰው ገመዱን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉልኝ፤ ጎትቼ አወጣሁት።